ላይኛው ድልድይ ጋ አርፈዋል

አባቴ የእግር ጉዞ ይወዳል ብለው የሚያወሩ ሰዎች አብረውት ወጥተው የማያውቁ ናቸው። አባቴ የሚወደው መሄድን አይደለም፤ መቆምን ነው። ከቤታችን ጓሮ ተነስቶ እስከ ላይኛው ድልድይ የሚወስደው የጫካ መንገድ ለጤነኛ ሰው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ለአባቴ ሦስት ሰዓት። ጤነኛ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ በሰባ አንድ ዓመቱ ልቡም ጉልበቱም ከእኔ ይሻላል። ችግሩ ዛፍ ባየ ቁጥር መቆሙ ነው፣ ያውም ጫካ ውስጥ።

አንድ ጊዜ አብሬው ወጥቻለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ እናታችን ሞታ እኔ ወደዚህ ቤት በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ነው። አጥሩን እንዳለፍን ቆመ። ምነው ስለው፣ አንድ ቀንድ አውጣ መንገድ እየተሻገረ ስለሆነ እናሳልፈው አለኝ። ቀንድ አውጣ እስኪሻገር ቆማችሁ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠብቄያለሁ። ከዚያ የአንድ ዛፍ ቅርፊት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ከዚያ ገደሉ ላይ የተነባበረውን ድንጋይ ከታች ወደ ላይ ቆጠረ፤ ተሳሳትኩ ብሎም እንደገና ከታች ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ዝም በይና ስሚ አለኝና ወንዙን ያዳምጥ ጀመር። ውሃ ነው፤ ይወርዳል፤ ሌላ ምን ይሰማል? ፈጠን በል እንጂ ስለው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ተረተብኝ። ያ እንቁላል እስካሁን ደርሶ፣ ተፈልፍሎ፣ ወልዶ ከብዶ ነበር። እኔ የጫማዬ ተረከዝ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ታችኛው ድልድይ እንኳ ሳልደርስ እያነከስኩ ተመለስኩ። ሁለተኛ አይለምደኝም አልኩ።

የሚገርመው፣ ሰዎች ይህን መንገድ ብለው ከሩቅ ይመጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያው ላይ ከቢጫ ቀስት ጋር ትልቅ ሰሌዳ ተክሏል። ሰሌዳው ላይ «ጉዞ» የሚለው ቃል «ጎዞ» ተብሎ ነው የተጻፈው። አባቴ ይስተካከል ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ የሚሰማው ሲያጣ ከልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መሰላል ተውሶ በጥቁር ቀለም ራሱ አስተካከለው። ቅዳሜና እሁድ መኪኖች በራችን ላይ ይደረደራሉ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ የውሃ ጠርሙስ ያንጠለጠሉ ሰዎች ይወርዱና፣ እዚህ ነው የምትኖሩት፣ ታድላችሁ ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ፤ የአባቴን ጭቃ ከደረጃው ላይ እየጠረግኩ።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ አንድ ማተሚያ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር። የጥረዛው ክፍል ምድር ቤት ነበር፤ መስኮት አልነበረውም፤ ፀሐይና እርጥበት ወረቀት ያበላሻል ይባል ነበር። ሰው እንደሚያበላሽ ያሰበ አልነበረም። ከፊቱ ግድግዳ፣ ከቀኙ የወረቀት ክምር፣ ከግራው የሙጫ ባልዲ። ቀኑን ሙሉ ያጥፋል፣ ይሰፋል፣ ይለጥፋል። ሥራ ሲያልቅ ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ለአፍታ ይቆምና ብርሃኑን እስኪለምደው ዓይኑን ያርገበግባል፤ እናታችን፣ አባታችሁን ጉድጓድ ውስጥ ነው የቀጠሩብኝ ትል ነበር። አውራ ጣቱ እጥፋት በመጫን ብዛት እንደ ማንኪያ ጭራ ጠፍጣፋ ሆኗል። እስከ ዛሬ ጋዜጣም ይሁን ፎጣ ሲያጥፍ ጠርዙ ከጠርዙ ካልገጠመ ዘርግቶ እንደገና ይጀምራል።

ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እናታችን ታመመች። ሁለት ዓመት አስታመማት። ስትሞት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያይ ጀመር፤ እኔም የመጣሁት ለዚያ ነው፣ ለሦስት ወር ብዬ። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ በጓሮው በር ወጣ። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነበር፤ ፊቱ ግን እንደ ሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እጄ የሚያውቀው ቅጠል የመጽሐፍ ቅጠል ነበር» አለኝ፤ መዳፉ ላይ የጨበጣትን አንዲት እርጥብ ቅጠል እያሳየኝ። እኔ ያየሁት ጭቃውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጨጓራዬን ልጦታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳልቀሰቅስሽ ብሎ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል፤ በጣቱ ጫፍ ሲሄድ ሚዛኑን ይስትና ወንበር ይዞ ይወድቃል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፤ አንዱን ልጥል ስል ታሪክ አለው። አንድ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ ባልዲ ውስጥ እንቁራሪት አገኘሁ፤ እግሯን አሟት ነው፣ እስኪሻላት ነው አለኝ። ቅዳሜ ምሳ ሰባት ሰዓት ተባብለን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣና፣ ምግቡ ስለቀዘቀዘ አትጨነቂ፣ ቀዝቃዛ እወዳለሁ ብሎ ያጽናናኛል። ስልክ ገዛሁለት። እንዳይጫጫር ብሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ተንሸራቶ እግሩን ወለም አለው። ሦስት ሰዓት የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጦ ቆይቶ የማያውቃቸው መንገደኞች ደግፈው አመጡት። እኔ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በረዶ ስይዝለት፣ እሱ ቁጭ ባለበት ያያትን ወፍ ይተርክልኛል። ብቻህን አትሂድ አልኩት። እሺ አለኝ። እግሩ እንደዳነ ብቻውን ሄደ።

እኔ የምሠራው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጉንጩ ያበጠ ሰው በትንሿ መስኮት ይጮህብኛል፤ እኔ ነክሼው ያመመው ይመስል። ካርድ ስፈልግ እጄ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ልቤ ግን ጫካ ውስጥ። አሁን የት ደርሶ ይሆን? ወድቆ ይሆን? ከወደቀስ ማን ያየዋል? እንዲህ እያልኩ የአንዱን ካርድ ለሌላው ሰጥቼ የደህና ሰው ጥርስ ልናስነቅል ምንም አልቀረንም ነበር።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። መንገዱ ከሰፈራችን በሚወጣበት ቦታ ላይ የውሃ ታንከር አለ፤ ታንከሩን የሚጠብቁ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። ሰፈሩ «ሪፖርት» ይላቸዋል። ያለ ምክንያት አይደለም። በዘበኝነት ዘመናቸው ምንም ሳይመዘግቡ የዋሉበት ቀን የለም። ድመት እንኳ ብታልፍ፣ አንዲት ግራጫ ድመት በቀኝ በኩል ገብታ በግራ በኩል ወጥታለች ብለው ከነሰዓቱ ይጽፋሉ። ስልክ አላቸው፣ መልእክት መጻፍ ነፍሳቸው ነው፣ ከአባቴም ጋር ይዋደዳሉ። አባቴን ባዩት ቁጥር በአጭሩ እንዲያሳውቁኝ ለመንኳቸው። እጃቸውን ወደ ኮፍያቸው አንስተው ግዳጁን ተቀበሉ።

በማግስቱ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «ለሚመለከተው ሁሉ። አባትዎ ዛሬ ከጠዋቱ 2፡10 ላይ አልፈዋል» ይላል።

የያዝኩት ካርድ ከእጄ ወደቀ። ስደውል፣ ሪፖርት በተረጋጋ ድምፅ፣ አዎ፣ በበሩ በኩል አልፈዋል፣ ዱላ ይዘዋል፣ ሰላምታም ሰጥተውኛል አሉኝ። ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ወደ ታንከሩ ሄድኩ። አልፈዋል የሚባለው ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ስለ ሽማግሌ ሰው ሲጽፉ እባክዎ ቃል ይምረጡ አልኳቸው። በጣም ተሰማቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ያንን ቃል ዳግመኛ እንደማይጽፉም ማሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ወጥተዋል፣ ገብተዋል፣ ታይተዋል እያሉ በጥንቃቄ ይጽፉልኛል። እኔም አመንኳቸው።

እንዲያም ሆኖ ደከመኝ። ወንድሜ በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬድ ትልቅ ከተማ የሊፍት ጥገና ኃላፊ ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል፣ በደወለ ቁጥር አባዬን ተጠንቀቂለት ይለኛል። ከሰባተኛ ፎቅ ላይ ምክር መወርወር ቀላል ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ሲለኝ፣ አባቴ በዚያን ዕለት ዝናብ ደብድቦት ገብቶ ወለሉን ጎርፍ አድርጎት ነበርና አፌ አመለጠኝ።

«ውሰደው» አልኩት። «እኔ ደክሞኛል። አንተ ውሰደው።»

እሺ አለ። ክፍል አዘጋጃለሁ፣ በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስደዋለሁ አለኝ። ሰባተኛ ፎቅ፣ ሊፍት፣ ደረቅ ወለል። ጭቃ የለም፣ እንቁራሪት የለም። ስልኩን ስዘጋ ይቀልለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ለአባቴ አልነገርኩትም። በየቀኑ ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ። ማክሰኞ ዕለት እንዲያውም ራት በልተን ስንጨርስ፣ አባዬ አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ጀምሬ ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ላሳይሽ አለና ከኪሱ አንድ የደረቀ የዘር ቅርፊት አወጣ። እንደ መጽሐፍ ተጣጥፎ የተሰፋ ነገር ነው፤ ያለ ክር፣ ያለ ሙጫ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ ጠርዤ አላውቅም ብሎ ሳቀ። ቃሌን ከምራቄ ጋር ዋጥኩ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከዚህ ሰውዬ ላይ ጫካውን የምቀማው እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ተቀምጦ ዘር ያሳየኛል። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ጉንጩን በሻርፕ የጠቀለለ ሰውዬ ካርዱ ስለዘገየበት መስኮቴ ላይ ሲቆጣኝ ስልኬ ጮኸ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። አባትዎ ከረፋዱ 4፡20 ላይ ላይኛው ድልድይ ጋ አርፈዋል። አይቸኩሉ፤ አብሬያቸው አለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። ሪፖርት ቃል መርጠው እንደሚጽፉ ምለውልኛል፤ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ሁለት ጊዜ አይሳሳትም። ደግሞስ በደህና ቀን አይቸኩሉ የሚል ማን ነው? ደወልኩ፤ ጥሪው አይገባም። እዚያ ዳገት ላይ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የአባቴ ስልክ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰውዬው ጉንጩን እንደያዘ ምን ሆንሽ አለኝ። አባቴ አረፈ አልኩት። ካርዱንም ጥርሱንም ረስቶ ራሱ ወጥቶ ታክሲ ጠራልኝ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለወንድሜ ደወልኩ። ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ብዬ የቀረውን መናገር አቃተኝ። እሱ ገባው። መጣሁ አለና ዘጋው።

የካርድ ክፍሉን ነጭ ሸበጥ እንዳደረግኩ በጓሮው በር ወጣሁ። ታንከሩ ጋ ስደርስ የሪፖርት ወንበር ባዶ ነው። ከዚያ ወንበር ዝናብም ሆነ ሐሩር አስነስቷቸው አያውቅም፤ ያኔ ተስፋዬ ተሟጠጠ። ሮጥኩ። ሁለት ፎቅ ስወጣ መሐል ላይ የምቀመጠው ሴትዮ ያንን ዳገት ሮጥኩ። ታችኛውን ድልድይ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ቀሚሴን እሾህ ያዘው፣ ጎትቼ ቀደድኩትና ቀጠልኩ። እየሮጥኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ብነግረው ኖሮ እላለሁ። ሳልነግረው መሞቱ ይሻላል፣ ቤቴን ጫካዬን እንዳለ ሞተ እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ እናደድበታለሁ። ስንት ጊዜ ብቻህን አትሂድ ብዬዋለሁ? በሞተ ሰው መናደድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በጣም ተናድጄበት ነበር።

ላይኛው ድልድይ ከእንጨት የተሠራ፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ወንዙ ከሥሩ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል። አባቴ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ብርቱካን እየላጠ ነው። ሪፖርት መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከጎኑ ተቀምጠዋል።

«ውይ፣ መጣሽ?» አለ አባቴ፤ ደስ ብሎት ፈቀቅ አለልኝ። «ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ፣ ውሃው ዛሬ ልክ ነው።»

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። በዙሪያው ከነበሩት ዛፎች ላይ ወፎቹ በሙሉ ተነስተው እንደሄዱ ግን አባቴ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ስልኬን ከሪፖርት አፍንጫ ሥር ደቀንኩት። ይኸው፣ አርፈዋል፣ በእርስዎ እጅ የተጻፈ አልኳቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ አጽድተው፣ በጥሞና አነበቡት። ስህተት ፈልገው አጡ።

«አልፈዋል አይበሉ ብለውኛል፤ አላልኩም» አሉ በክብር። «እሳቸውም አላለፉም። ዛሬ አብረን እንውጣ ቢሉኝ ወጣሁ፤ ደከማቸው፣ ቁጭ አሉ፣ አረፉ። ታዲያ ምን ልበል?»

አባቴ መሳቅ ጀመረ። ብርቱካኑ ከእጁ አምልጦ በወንዙ ሄደ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ የእኔን ፊት ሲያይ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጭቃ የጠጣውን ነጭ ሸበጤን አየ፣ የተቀደደውን ቀሚሴን አየ።

«እና ለእኔ ብለሽ ይሄን ሁሉ ዳገት ሮጥሽ?» አለኝ።

ሮጬ ስለደከመኝ ብቻ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጪ ስላለኝ አይደለም። ውሃው በረዶ ነበር፤ ልክ ነው ያለው እሱ ነው።

ስንመለስ የቀረፈፍኩት እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት እየሄዱ፣ እዚህ ጋ ቀስ በይ፣ ያዳልጣል እያሉ ይመክሩኛል። ኔትወርክ ሲመጣ ለወንድሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መኪና እየነዳ ነው መሰለኝ አያነሳም። ሰፈር ስንደርስ ደግሞ በራችን በሰው ተሞልቷል። ወንድሜ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለአክስታችን፣ አክስታችን ለአገር ምድሩ ተናግረዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የአባቴን ሞት መጨረሻ ላይ የሰማው አባቴ ነው። ሰዉ ሁሉ ጥቁር በጥቁር ለብሶ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና፣ ማን ሞቶ ነው አለ። እያወቀ ነው የጠየቀው፤ እንዲህ ያለ ቀልድ አያመልጠውም። አክስታችን የጀመረችውን ለቅሶ ከግማሽ ዋጠችው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ብቻ ሳይረበሽ፣ አንተ ነህ ብለውን ነበር አለው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ ሰዉን ሸኝቼ እስክጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ወንድሜ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ጫማ፣ ዓይኑ አብጧል። አባቴን ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ሲሰማ አገኘው። አቀፈው፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ከለቀቀው በኋላ ተቆጣ። ሰው በጣም ከፈራ በኋላ የሚቆጣው ቁጣ ነው፤ ጠዋት እኔም ስለተቆጣሁት አውቀዋለሁ።

«በቃ አባዬ» አለ። «ዛሬ በውሸት ነው፣ ነገ በእውነት ይሆናል። ነገውኑ ይዤህ እሄዳለሁ። ክፍልህም ከተዘጋጀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

አባቴ ሬዲዮኑን ቀነሰው። የምን ክፍል አለ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «አልነገርሽውም እንዴ? ከሦስት ሳምንት በፊት ደክሞኛል፣ ውሰደው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ አየኝ። ብለሻል አለኝ። ብያለሁ አልኩ።

እንዲቆጣ ጠበቅኩት። ቢቆጣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ፤ አንድ በአንድ እዘረዝርለት ነበር። አልተቆጣም። ደክሟት ከሆነ ልክ ናት አለው ለወንድሜ፤ ተነስቶም ወደ ክፍሉ ገባ። ተከትለነው ስንገባ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውርዷል። ሸሚዞቹን አልጋው ላይ አንድ በአንድ እየዘረጋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጣጠመ፣ እጥፋቱን በዚያ ጠፍጣፋ አውራ ጣቱ እየተጫነ ያጥፋል። የተቀየመ ሰው አይመስልም። በትእዛዝ የቀረበለትን ሥራ የሚሠራ ነው የሚመስለው።

«ክፍሉ መስኮት አለው?» ብሎ ጠየቀ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ለማወቅ ነው።

አለው አለ ወንድሜ። ውሸት ስለማይሆንለት ግን ትንሽ ቆይቶ፣ የቀጣዩን ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያሳየው አለ።

«ግድ የለም» አለ አባቴ። «ግድግዳ ለምጃለሁ።»

ይህን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። በወንድሜ አይደለም፤ በአባቴ ነው። ሰው ጫካውን ሲቀሙት እንዴት ሸሚዝ ያጥፋል? ለቀንድ አውጣ መንገድ የሚያስከብር ሰው ለራሱ አንዲት ቃል እንዴት ያጣል? ሻንጣውን ከአልጋው ላይ ጎተትኩና ገለበጥኩት። ጠርዝ ከጠርዝ የገጠመው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ደክሞኛል» አልኩ። «አሁንም ደክሞኛል። ጭቃው አድክሞኛል፣ እንቁራሪቱ አድክሞኛል፣ ሥራ ቦታ ሆኜ ሞተ አልሞተ ስል መዋል አድክሞኛል። ግን ደክሞኛል አልኩ እንጂ በቃኝ መቼ አልኩ?»

«ታዲያ ውሰደው ስትዪኝ ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?» አለ ወንድሜ። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጓል።

ባዶውን ሻንጣ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ና ማለት አቅቶኝ ነው» አልኩት። «ና፣ አንድ እሁድ እንኳ አንተ ተከተለው፣ እኔ ልተኛ ማለት አቅቶኝ ነው። ውሰደው ማለት ቀለለኝ።»

ወንድሜ በጥቁር ልብሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ና ብትይኝ እመጣ ነበር አለ፤ ቁጣው ወርዶለታል። እንጃለት። ይመጣ ይሆናል፣ ሥራ ይበዛበትም ይሆናል። ግን ብዬው ስለማላውቅ ልከራከረው አልቻልኩም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ሸሚዝ ከወለሉ ላይ ያነሳል።

«ና ማለት ይከብዳል» አለው ለወንድሜ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «እኔ ለእህትህ በየእሁዱ ነው የምላት። ነይ እላታለሁ። ልብስ አጥባለሁ ትለኛለች።»

እውነቱን ነው። በየእሁዱ በጓሮው በር ላይ ቆሞ ነይ ይለኛል፤ እኔ ከሳሙናው ላይ ቀና ሳልል ልብስ አለብኝ እለዋለሁ። እንቢ ማለቴን እንኳ እንደ እንቢታ ቆጥሬው አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻህን አትሂድ እያልኩ የጮህኩበት ሰው፣ ከማን ጋር ይሂድ ነበር?

የተበተኑትን ሸሚዞች ሰብስቤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መለስኳቸው። በሥርዓት ስላላጠፍኳቸው አባቴ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና አጠፋቸው፤ እኔም ተናደድኩ፤ ግን አፌን ያዝኩ። ወንድሜ ሚስቱ ጋ ደውሎ እስከ እሁድ እንደማይመለስ ነገራት። በወር አንድ እሁድ እመጣለሁም አለን። ሳየው አምነዋለሁ።

እሁድ ልብሱ ሳይታጠብ ዋለ። ታችኛው ድልድይ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። እኔ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ነበር፤ አባቴ መንገዱን ሙሉ ሲቆም ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ጫማ ስላልያዘ በለቅሶ ጫማው እየተንሸራተተ፣ ከኋላ ሆኖ ጠብቁኝ ይለናል። ቆመን ጠበቅነው።